የእማዬ ኩሬ

እናቴ ትሎቼን ከነሳፋቸው ወደ ውጭ ያስወጣቻቸው በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት አንድ ጠዋት ነው። ሳፋውን ያስቀመጥኩት ምድጃው ጥግ፣ ከእንሥራው አጠገብ ነበር። ሌላ ሙቀት ያለው ቦታ ቤታችን ውስጥ የለም። ዳባት ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት እንኳንስ ትል፣ ሰውም ብርዷን በጋቢና በእሳት ነው የሚችላት።

"አንቺ ልጅ፣" አለችኝ፣ "እኔ አንቺን ዩኒቨርሲቲ የላክሁ ትል እንድትቀልቢልኝ ነው?"

"እማ፣ እኮ የኩሬሽን አረንጓዴ እንዲበሉልሽ ነው።"

ሳፋውን ደጅ አኑራ ተመለሰች። እጇን በመቀነቷ ጫፍ እያደረቀች፣ "በግ የገደለን ነገር ትል ይበላዋል?" አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ከመምህር ጋርም፣ ከጓደኛም ጋር ተከራክሬያለሁ። ጥያቄውን ከእሷ ባጠረ ቃል የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

* * *

ኩሬው ከገብስ ማሳችን ግርጌ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ ውሃ ማቆር በየቀበሌው በሚሰበክበት ጊዜ፣ ከጎረቤት ጋር በደቦ ቆፈሩት። ከሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ ተነጠፈለት። ክረምት በጎርፍ ይሞላል፤ በጋ ለበጎቹ፣ ለጎመኑ፣ ለልብስ ይሆናል። የምንጠጣው ከቦኖ ነው። ቦኖው ሲደርቅ ግን ምን እንደምናደርግ፣ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ከግቢ ወደየቤታችሁ ተባልን። ሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ ኩሬው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። አረንጓዴ ስል ሣር የሚመስል አይደለም። የበር ቀለም አንድ ጣሳ ሙሉ የተደፋበት ነው የሚመስለው። ነፋሱ ወደ አንዱ ዳር ገፍቶ ያከማቸው ደግሞ እንደ አጥሚት ወፍሯል። በዱላ ስነካው ዱላው ላይ ተለጠፈ። እማዬ "ውሃው ሻገተ" ነው የምትለው። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን አልጌን "ዋቅላሚ" ይለዋል። ይሄኛው ዓይነት ግን አልጌ ይባል እንጂ ሥራው ባክቴሪያ ነው፤ ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል። ፀሐይ፣ የቆመ ውሃ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካገኘ በቀናት ውስጥ ይባዛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ያረገዘች በጋችን ሞተች። ከዋዜማው እዚያ ወፍራሙ ዳር ስትጠጣ አይቻታለሁ። ሆዷን ከፍቶ ጉበቷን ያየ ሐኪም ስለሌለ፣ ኩሬው ገደላት ብዬ አልምልም። እማዬ ግን ማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎቹን ግማሽ ሰዓት እያስኬደች ወንዝ ታጠጣለች። ኩሬውን ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ባሏ የቆፈረውን ኩሬ።

እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ኮረብታ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። ያነበብኩት ደስ አይልም። ከነዚህ ባክቴሪያዎች መካከል ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። መርዙ ማይክሮሲስቲን ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ማፍላት አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሴሉ ሲፈነዳ በውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ይሄን ያነበብኩ ቀን እማዬ የኩሬ ውሃ አፍልታ ለጎረቤት ጥጃ ልትሰጥ ነበር። ሮጬ ወርጄ አስደፋኋት።

ነገሩ የእኛ ኩሬ ጉድ ብቻም አልነበረም። ማይክሮሲስቲስ በአዋሽ ላይ በተሠራው በቆቃ ግድብ ሐይቅ ለዓመታት ሲጠና የቆየ ነው። አዲስ አበባን በሚያጠጣው በለገዳዲ ታይቷል፤ በጣናም ታይቷል። የኛዋ ኩሬ የነዚያ ሁሉ የመጨረሻ ታናሽ እህት ናት።

ከዚያ ምክንያቱን ፈለግኩ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አረንጓዴውን በወንፊትና በጨርቅ እያጠለልኩ የማጠራቅምበትን ከረጢት አየሁት። እኛ አገር ያ ከረጢት ስሙ ምንድን ነው? ማዳበሪያ! እህል በማዳበሪያ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ድንች በማዳበሪያ ነው የምንሸከመው። ዕቃው የተጠራው ቀድሞ በያዘው ነገር ስም ነው። ከላይ ገብሱ ላይ የተዘራው ዩሪያና ኤንፒኤስ፣ ዝናቡ ሲያጥበው፣ ከአፈሩና ከበጎቹ ፋንድያ ጋር ወርዶ ኩሬው ውስጥ ያድራል። ማዳበሪያ ገብስንና አልጌን አይለይም፤ ያገኘውን ያዳብራል። እኔም ማዳበሪያው ያበቀለውን በማዳበሪያ እየጫንኩ ነበር።

ሦስት ከረጢት ሞላሁ። ጥያቄው ያኔ መጣ፦ አሁን የት ላድርሰው? ማሳው ላይ ብደፋው በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይወርዳል። እዚያው ዳር ብተወው ውሻና ዶሮ ይነካካዋል። ይሄን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ በጣም ትልቅ ሆኖ አይቼዋለሁ።

* * *

በ2010 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት ሳለሁ እምቦጭ ነቀላ ዘምተናል። በደምቢያ በኩል ነው የወረድነው። በአውቶቡስ ዘፈን፣ በባነር፣ በሰልፊ! ስንደርስ ዘፈኑ ቆመ። ሐይቅ አለ ብለን ስንመጣ ያገኘነው ሜዳ ነው፤ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያፈካ ሜዳ። አንዷ ጓደኛችን "እንዴ፣ ያምራል እኮ" ብላ ወዲያው አፈረች።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይጠብቃል። እንግዲህ አስቡት፦ ያን ቀን የጣልነውን ዘር፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ አድጎ ሊነቅለው ይችላል።

ገበሬዎቹ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይጎትታሉ፣ እኛ ዳር ላይ ተቀብለን እንከምራለን። የእምቦጭ ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ ገደማ ውሃ ነው። የምትሸከሙት ቅጠል መስሏችሁ ጣናን ራሱን ነው። ማታ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ክምሩን ሳየው ቤት ያክል ሆኗል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት፣ "ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ" አሉን። ቀጥለው፣ ለራሳቸው ያህል፣ "ዝናብ ሲመጣ ክምሩ ይበሰብስና ጭማቂው ተመልሶ እዚያው ይወርዳል" አሉ።

ያቺን ቃል አልረሳኋትም። የነቀልነው ቅጠሉን እንጂ ቅጠሉን ያበቀለውን ምግብ ከዳሩ አላራቅነውም።

ያን ጊዜ ነው በክፍል ውስጥ ስለ ጢንዚዛዎቹ የሰማሁት። ኒኦኬቲና የሚባሉ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ርዝመታቸው 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የነቀዝ ዘመድ ናቸው። አዎ፣ ያ ጎተራ ውስጥ ገብቶ እናቶቻችንን የሚያስለቅሰው ነቀዝ! ትልቁ ጢንዚዛ ቅጠሉን ይግጣል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን እጩ ነው። ከእንቁላል የወጣው እጭ የእምቦጩን አንጓ እየቦረቦረ፣ መንገድ እያወጣ፣ እስከ ልቡ ይወርዳል። በቦረቦረው ቀዳዳ ውሃና ሻጋታ ይገባል። ተክሉ ይከብደዋል፣ ይቸግረዋል፣ ይሰምጣል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ኬንያ በ1997 ለቀቋቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሐይቁን የሸፈነው እምቦጭ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ዝናውን ሙሉ በሙሉ ለጢንዚዛ የማይሰጡም አሉ፤ በ1997 እና 98 የነበረው የኤልኒኞ ማዕበልና ጎርፍም ድርሻ ነበረው ይላሉ። በእኛም አገር ጢንዚዛዎቹ መጥተው ተጠንተዋል፣ ተራብተዋል። ግን ጣና ከቪክቶሪያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ለነፍሳት ከፍታ ማለት ብርድ ማለት ነው፤ ብርድ ማለት ደግሞ መዘግየት። እጩ ዝግ ሲል እምቦጩ አይጠብቀውም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ያብሰለሰለኝ ሌላ ነበር። ጢንዚዛው ተክሉን ይገድልና ያሰምጠዋል። የሰመጠው እዚያው ይበሰብሳል። የሽማግሌው ጭማቂ ያው ነው፤ መንገዱ ብቻ ተቀየረ። ገዳይ አግኝተናል፤ በላተኛ ግን የለንም።

* * *

በላተኛውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ዶርም የነበረች ቢሾፍቱ ያደገች ጓደኛዬ፣ በኮሮና ጊዜ ስራ ፈትታ ለወንድሟ ዶሮዎች መኖ የሚሆን ትል ማርባት ጀምራ ነበር። ብላክ ሶልጀር ፍላይ ይባላል፤ ጥቁር፣ ቀጠን ያለ፣ ተርብ የሚመስል ዝንብ። ቪዲዮ ላከችልኝ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፓፓያ ቅርፊት፣ የተበላሸ ወጥ፤ ሁሉ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። በማግሥቱ ቡናማ ዱቄት ብቻ ነው የቀረው።

የዝንቡ ነገር ያስገርማል። ካደገ በኋላ ምግብ ፍለጋ አይዞርም። እንደ ቤት ዝንብ ከቆሻሻ ወደ እንጀራችን አይመላለስም። የሚኖረው አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ተጋብቶ ሴቷ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ይሞታል። የሕይወቱ ምግብ ሁሉ በልጅነቱ ነው የተበላው። በአራት ቀን አካባቢ ይፈለፈላል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እንደ እሳት ይበላል፣ ከዚያ ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፈልጎ ራሱን ዘግቶ ይተኛል። ደረቁ እጭ ከመቶ አርባ አካባቢ ፕሮቲን ነው። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ ቡናማ የባሕር አልጌ መግበውታል። አልጌው ከምግቡ ግማሽ እስኪሆን ድረስ ችሎታል፤ ከዚያ ሲያልፍ እድገቱ ቀንሷል።

ግማሽ! ለእኔ ይሄ ቁጥር በቂ ነበር።

"ቢሾፍቱ እኮ አረንጓዴ ሐይቅ አለን፤ ፍላሚንጎው የሚበላው" አለችኝ ጓደኛዬ። እውነቷን ነው። የዚያ ሐይቅ አረንጓዴ ስፒሩሊና ነው፤ ሰውም የሚበላው፣ በቻድ ሴቶች ከሐይቅ እየጨለፉ አድርቀው ገበያ የሚያወጡት። ሁሉ አረንጓዴ መርዝ አይደለም። የእኛው ግን ስፒሩሊና አልነበረም። ስፒሩሊና የሶዳ ሐይቅ ይወዳል እንጂ የገብስ ማሳ ጎርፍ አይወድም።

መንገድ ሲከፈት እንቁላሎቹን በክብሪት ቀፎ፣ በጥጥ ጠቅልላ፣ ከሰው ጋር በአውቶቡስ ላከችልኝ። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ከረሙ። ቀፎውን ስከፍት አንዳንዶቹ ተፈልፍለው፣ ጥጡ ውስጥ እንደ አቧራ ይንቀሳቀሳሉ። አተላ ለውሼ አቀረብኩላቸው። እማዬ ለሰኔ ሚካኤል ጠላ ጠምቃ ስለነበር አተላ ሞልቷል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደህና ነበሩ። ከዚያ ከኩሬው ያጠለልኩትን አረንጓዴ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ።

ከዚያ ሐምሌ ገባ።

እነዚህ እጮች የሚመቻቸው 27 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዳባት ሐምሌ ሌሊት ግማሹንም አይሰጥም። ብርዱ አንድ ጊዜ አይገድላቸውም፤ ያደነዝዛቸዋል። አይበሉም፣ አያድጉም። ያልተበላው አተላ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ የቤት ዝንብ ይጠራል። ሌሊት እየተነሳሁ ኩበት እጨምር ነበር። እማዬ የኩበቱን ክምር ስታይ ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ፈርጄባት አላውቅም። የክረምት ማገዶ ነበር የማነደው።

* * *

ደባርቅን አልፋችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ መሬቱ ያልቃል። ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከላይ ጋቢ ለብሳችሁ ትነሳላችሁ፤ ከታች ዛሪማ ስትደርሱ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዳችኋል፣ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተጣብቋል። ከስሜን የሚወርደው ውሃም የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ፣ ወደ ተከዜ ነው።

አጎቴ ዛሪማ ይኖሩ ነበር። መስከረም 2013 ሁለተኛ ዙር እንቁላል ይዤ፣ የደረቀውን የኩሬ አረንጓዴ በማዳበሪያ ቋጥሬ፣ አይሱዙ ላይ ጋቢና ተሳፍሬ ወረድኩ። እማዬ በር ላይ፣ "ትል ጭነሽ ለአጎትሽ ቤት!" አለችና አፏን ሸፈነች። ልታለቅስ ነው ልትስቅ፣ አልለየሁም።

አጎቴ ስነግራቸው አልተገረሙም። "ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንዲህ ያለ ትል እናያለን እኮ፣ እኛ ምን እናድርገው?" አሉ። ከማንጎው ሥር አራት ሳፋ ደረደርን። አንደኛው አተላ ብቻ። ሁለተኛው ግማሽ አተላ፣ ግማሽ አረንጓዴ። ሦስተኛው አረንጓዴ ብቻ። አራተኛው አተላና በቢላ የከተፍኩት፣ ከጎንደር በኩል ሰው ያመጣልኝ የደረቀ እምቦጭ።

ዛሪማ ሙቀቱን በነፃ ሰጠን። በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያው ሳፋ ይንተከተካል፤ ጆሮ ብታስጠጉ እንደ ቀላል ዝናብ ድምፅ አለው። ሁለተኛው ትንሽ ዘግይቶ ተከተለ። ሦስተኛው፣ አረንጓዴ ብቻ የተሰጠው፣ ቀጫጭን ሆኖ ቀረ፤ ብዙዎቹ ወደ ሳፋው ግድግዳ እየወጡ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ደርቀው አገኘኋቸው። አራተኛው አተላውን ጨርሶ እምቦጩን እንደ ሰላጣ ጠርዝ አድርጎ ተወው። አንጓውና ጭራሮው እንዳለ ነው። ለካ እነሱም እንደኛ ናቸው፤ ለስላሳውን ይመርጣሉ።

ግን ሁለተኛው ሳፋ! በሁለት ሳምንቱ ከግማሽ ባልዲ በላይ የነበረው ወደ ጥቂት ጣሳ ጥቁር ዱቄት ወረደ። እጮቹ የጣት ግማሽ አክለዋል። ሽታው የኩሬው ሽታ አይደለም፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። እማዬ በግ የገደለ ያለችውን ነገር ትል በልቶት፣ ትሉ ወፍሯል።

አጎቴ መጡና አጎነበሱ። "ይሄማ ሲሳይ ነው" አሉ። "ዶሮዎቹን ልጥራቸው?"

"አይሆንም አጎቴ።"

"እንዴት አይሆንም? መኖ ነው አላልሽም?"

"የመጀመሪያውን ሳፋ ይስጧቸው። ይሄን ግን አይሆንም።"

ማስረዳት ነበረብኝ። ይሄ እጭ የሚበላው ሁሉ አይጠፋም። አንዳንዱን ይሰብረዋል፤ ለምሳሌ ከሻጋታ የሚመጣውን አፍላቶክሲን ሰውነቱ ውስጥ አያጠራቅምም። አንዳንዱን ግን ያከማቻል፤ ካድሚየም የተባለው ብረት ከመኖው ይልቅ እጩ ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል። ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት ለመኖ የሚረቡ ነፍሳት ፋንድያና የምግብ ቤት ትራፊ እንዳይበሉ የከለከለው። ነፍሳቱን እንደ ከብት ነው የሚቆጥራቸው፤ ከብት የማይበላውን እነሱም አይበሉም። የእኔን ሁለተኛ ሳፋ ደግሞ ላቦራቶሪ አላየውም። ዶሮዋ እጩን ትበላለች፣ እንቁላሏን የአጎቴ የልጅ ልጆች ይበላሉ። የኩሬው መርዝ ሊማሊሞን ወርዶ፣ በሳፋ አልፎ፣ በእንቁላል ዛሪማ ገብቶ ቢሆንስ?

አጎቴ ብዙ ዝም አሉ። የዶሮ መኖ ውድ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ አንበጣ ቆላውን እያስፈራ ነበር። "እንግዲያ ለምን አደከምሽን?" አሉኝ በመጨረሻ። በቁጣ አልነበረም። ለዚህ ነው የከበደኝ።

ሁለተኛውን ሳፋ በፈላ ውሃ ገድዬ፣ ከቤትና ከውሃ ራቅ አድርጌ፣ በጥልቁ ቀበርኩት። ስቆፍር እጄ ውሃ ቋጠረ። እምቦጩን ከከመርን ወዲህ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳፋ ዶሮዎቹ በአንድ ጠዋት ጨረሱት። አጎቴ ያኔ ሳቁ።

* * *

ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። እኔ ወደ ግቢ ተመለስኩ፣ አጎቴ የአተላውን ሳፋ ይዘው ቀጠሉ። በክረምቱ ጦርነቱ ወደ ዛሪማ ሲመጣ፣ አጎቴ ከቤተሰባቸው ጋር ሊማሊሞን በእግር ወጡ። ደባርቅ ስንገናኝ ስለ ቤታቸው አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ናቸው፣ "ዶሮዎቹን ፈትቼ ለቀቅኋቸው፤ ትሎቹንም" ያሉኝ። ስለዚያ ክረምት ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። እኔ የማውቀው፣ ሰው በእግሩ ገደል ሲወጣ፣ ስለ ሳፋ መጠየቅ ማሳፈሩን ነው።

ግን ተምሬበታለሁ። እጭ ሐይቅ ገብቶ አልጌ አይለቅምም። የሚበላው እኛ ጎትተን፣ አጠልለን፣ አድርቀን ያቀረብንለትን ብቻ ነው፤ ከዚያም ግማሹን ብቻ፤ እሱም በሙቀት። ከጣና ዳር ያለውን ክምር መቀነስ ይችል ይሆናል፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ፣ ለመኖ ሳይሆን ለመሬት ማዳበሪያ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የመጨረሻው ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከኩሬው በላይ ነው ያለው።

በ2014 ዓ.ም. በጋ፣ ዳባት ሲረጋጋ፣ እማዬና እኔ ከኩሬው በላይ ቆፈርን። ጎርፉ ከመግባቱ በፊት አፈሩን የሚያራግፍበት ትንሽ ጉድጓድ ሠራን። በማሳውና በጉድጓዱ መካከል ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው ሣር ተከልን። ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው፤ በጎቹ ውስጥ ገብተው ከመጠጣት ይልቅ በባልዲ ይቀዳላቸዋል። ዩሪያውን እማዬ አሁን ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም አትዘራም፤ ቀን ትጠብቃለች። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ደለል በየዓመቱ ወደ ማሳው እንመልሰዋለን፤ የራሱ ነውና።

ኩሬው ጠራ አልልም። በመጋቢት ሙቀት ዳሩ ላይ አሁንም ቀጭን አረንጓዴ ይታያል። ያኔ በጎቹ እንደገና ወንዝ ይወርዳሉ። እኔ አሁን ራቅ ያለ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ እጭ ሳስተምር ተማሪዎቼ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፣ እኔም ስለ ዛሪማ ሳፋ እነግራቸዋለሁ። አንዱ ሁልጊዜ "ቲቸር፣ ዶሮዎቹስ?" ብሎ ይጠይቃል።

እማዬ በየእሁዱ ትደውላለች። ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ምግቤ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ኩሬው መልክ ትነግረኛለች። ያለፈው እሁድ፣ "ዛሬ የቀጠነ ሻይ ይመስላል" አለችኝ። "ፊቴን አየሁበት።"